ይታይ

ቀድሞ የተሰማው የማኅተም ድምፅ ነበረ፤ ከተዘጋው በር ጀርባ ድብ፣ ድብ እያለ ይወርዳል። ዘውዱ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በጽሑፍ ምርመራ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ሦስት ሰዎች ባንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ያንን ድምፅ ያዳምጡ ነበር፤ በፋብሪካ ሸማኔነቱ «ድሩ» የሚል ቅጽል የወጣለት ተውኔት ጸሐፊና ተዋናይ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ለተዋንያን ቃል የምታቀብለው ሚስቱ፣ እና መሪ ተዋናይ የሆነው ታናሽ ወንድሟ፣ የፋብሪካው ቀለም ቀቢ።

ድሩ የመጀመሪያ ተውኔቱን የጻፈው የሽመና መኪናው ክር በበጠሰ ቁጥር በሚያገኛት ፋታ ነበር፤ በዚያችም ተውኔት ጦስ በንጉሡ ዘመን ሁለት ዓመት ታሰረ፤ አዲሶቹ ሹማምንት ሲመጡ በትከሻቸው ተሸክመው አወጡት፤ አሁን ደግሞ በእነርሱው ላይ የምታላግጥ ሌላ ተውኔት ይዞ ደጅ ይጠና ነበር።

በሩ ተከፈተና የኃላፊው ጸሐፊ የተውኔቱን ጥራዝ ለድሩ ሰጥታው ተመለሰች። ሽፋኑ ላይ በቀይ ቀለም አንዲት ቃልና ፊርማ ሰፍረዋል፤ «ይታይ»።

«ጋሼ፣ አለፈልን፤» አለ ቀለም ቀቢው። «ይታይ ብለዋል እኮ። ሕዝብ ይየው ነው።»

እኅቱ ቃሏን ደጋግማ አነበበች። «ወይስ እኛ ገና እንየው ማለታቸው ይሆን? ግባና ጠይቃቸው አንተ። አፍህ እንደሁ አይታማ።»

«የተከፈተ በር አንኳኩቼ ላዘጋው?» አለ ድሩ።

ሆኖም ያውቅ ነበር፤ ከእስር ቤት የጻፋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ «ይታይ» ተብሎባቸው ሳይታዩ የቀሩ ናቸውና። ከሁለቱ ፍቺዎች የሚፈልገውን መረጠ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ተውኔቱ በፋብሪካው አዳራሽ ታየ። ቀለም ቀቢው የኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ፣ ወንበሩን እንዳይወስዱበት እንዳቀፈ እንቅልፍ ሲጥለው፣ የፋብሪካው ክር ፈታዮች እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ አንዷ «ቁርጥ የኛው ሰውዬ፤ ማንኮራፋቱ ብቻ ቀረው» ብትል ሳቁ እጥፍ ሆነ። ሦስተኛው ገቢር ሳይከፈት ወታደሮች በሁለቱም በሮች ገቡ።

በማግስቱ ጧት ሁለቱ ወንዶች የምርመራ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ፊት ቆሙ። ኃላፊው ከበላይ ተጠይቀው ኖሮ የጥራዙን ሽፋን ደጋግመው ያዩ ነበር።

«ይታይ ማለት ይመርመር ማለት ነው፤» አሉ ቀስ ብለው። «አንዳችሁ አጣማችሁ ተርጉማችኋል። እኔ ወደ ላይ የምልከው አንድ ስም ነው። ማነው?»

ድሩ አፉን ከፈተ። መቶ መኪና እየጮኸ ድምፁ ከዳር እስከ ዳር የሚሰማ ሰው፣ መድረክ ላይ ቃል ጠፍቶት የማያውቅ ሰው፣ ሁለት ቃል አጣ። ቀለም ቀቢው አየት አደረገውና፣ ባልደረባው ቃል ሲስት ተዋናይ እንደሚያደርገው ክፍተቱን ሞላለት።

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ጋሼማ እንጠይቅ ብሎ ነበር።»

ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

የዚያን ዘመን ተውኔት ታሪክ የጻፉ ሰዎች ድሩን ለሁለት መንግሥታት ያልተንበረከከ ሲሉ በአንድ መስመር ያነሡታል፤ ቀለም ቀቢውን ያነሣው የለም። በመዝገብ ቤት በተቀመጠው ጥራዝ ላይ ግን፣ ከቀይዋ «ይታይ» ሥር፣ በሌላ ሰው እጅ «ታይቷል» ተብሎ ተጽፏል፤ የትኛው መታየት እንደሆነ የሚነግር አልተረፈም።

ቀለም ቀቢው በተወሰደባት በዚያች ቀን ድሩ ብቻውን ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ የወንድሟን ሸሚዝ ቁልፍ ትተክል ነበር።

«ወንድሜስ?»

የሆነውን ነገራት።

«አንተስ ምን አልክ?»

ድሩ በልምምድ ጊዜ እንደለመደው ቃል ታቀብለው ይመስል ዓይኑን ወደ እርሷ ላከ። እርሷ ግን መርፌዋን ሸሚዙ ላይ ሰካች፤ ሸሚዙን አጠፈች፤ ብብቷ ሥር ሸጉጣው ተነሣች፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።