ቁጣን የሚያርቅ ስም

ምሽቺስዋቭ ጋይ በፖም ማከማቻው ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ተደፍቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ተሰንጥቋል። ጎረቤቱ ሁሉ «አዳልጦት ነው» አለ። መርማሪ ሊዲያ ፓዬርስካ ግን በሩን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር። የሞተ ሰው ወጥቶ በር አይቀረቅርም።»

የሟቹ ሚስት ቴክላ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «የልጄ ልጅ ገና ሳምንት አልሞላውም። በዚህ ቤት የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ምሽቺስዋቭ ነው የሚባለው፤ በበቀል የሚከበር ማለት ነው። የዚያን ቀን ቁርስ ላይ ግን ‹በቃኝ፣ ልጁን ዝቢግኒየቭ እንበለው› አለኝ።»

«ለምን እሱን?»

«የጥንት ስም ነው። ዝቢ ማስወገድ፣ ግኒየቭ ቁጣ። ወንድሙ ራዴክ ጎተራችንን አቃጥሏል ተብሎ ስንት ዓመት ተኳርፈዋል፤ ሊታረቅ ፈልጎ ነው። ‹እስከ ክርስትናው ለማንም እንዳትነግሪ› ብሎኝ ወደ ምድር ቤት ወረደ። በዚያው ቀረ።»

«ለማንም አልነገሩም?»

«ለገዛ ልጄም!»

ራዴክ መርማሪዋን ከአጥሩ ደጅ ተቀበላት። «ገዳዩ አንተ ነህ ልትዪኝ ነው? ለሕፃኑ የአባቴንና የወንድሜን ስም ይሰጡታል፣ በቀሉንም አብሮ ይወርሳል። ጎተራውን አልነካሁም!»

«ታዲያ ማን ነው እርስዎን የከሰሰው?»

«ጌርቫዚ ነዋ! ‹በዓይኔ አየሁት› ብሎ።»

ጌርቫዚ፣ የሟቹ የልጅነት ጓደኛ፣ በሟቹ ቤት ለቀስተኛ እየተቀበለ ነበር። «ከሞተበት ቀን በፊት ባለው ማታ ነው የተለያየነው» አለ እንባውን እየጠረገ። «ምስኪን! ትንሹን ዝቢግኒየቭን ሳያስጠምቅ ሄደ።»

ሊዲያ ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ራዴክ ሕፃኑ ምሽቺስዋቭ የሚባል ይመስለዋል። አዲሱን ስም ወይዘሮ ቴክላ ለማንም አልነገሩም። ሟቹም የነገራቸው የሞተ ዕለት ጠዋት ነው። አቶ ጌርቫዚ፣ ስሙን ከማን ሰሙት?»

«ከ... ሰው ሲያወራ...»

«ሰው አያውቀውም። ከሟቹ አፍ ነው የሰሙት፤ ያን ጠዋት፣ ምድር ቤት ውስጥ። ወንድማማቾቹ ከታረቁ ስለ ጎተራው መነጋገራቸው አይቀርም።»

ጌርቫዚ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሲጋራዬ ነው ያቃጠለው። ፈራሁና በራዴክ አላከክሁ። ያን ጠዋት ‹ደረጃውን ልውጣና ወንድሜ ዘንድ ልሂድ› ሲለኝ... ገፋሁት። በሩንም ከውጭ ቀርቅሬ ሸሸሁ።»

ቴክላ ወደ ጌርቫዚ ዞረች። «አስከሬኑን አብረኸኝ አነሳህ። አቅፈኸኝ ‹አይዞሽ› አልከኝ። ከወንድሙ አስበልጦ ያመነህ ሰው!»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ራዴክ ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ ቀረ። «ቴክላ፣ ልየው?» አለ በቀስታ።

ክንዱን ይዛ ሬሳው ወዳለበት ክፍል አስገባችው።