ስምንት እጥፍ

«ሩጪ!» አሉ አያቷ፣ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ።

ጆሊን ሮጠች። ከአደን ዕቃ መደብሩ በር ተነስታ እስከ ባቡር ሐዲዱ፣ ከሐዲዱ ተመልሳ እስከ በሩ። ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። የመደብሩ ባለቤት ወይዘሮ ኦርላ ሁለት የርቀት መነጽሮች ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ገብታለች፤ የከተማዋ ረጅም የእህል ጎተራ ከግራጫው ሰማይ ጋር ሊቀላቀል ትንሽ ቀርቶታል።

«ሳታርፊ እዪ» አሉ አያቷ። «ከላይኛው መስኮት እስከ ጣሪያው ድረስ የጎተራው መሰላል ስንት እርከን አለው?»

በቤተሰቡ ውስጥ መነጽር የሚመረጠው እንዲህ ነበር። ቀን፣ ብርሃን ሞልቶ፣ ልብም ረግቶ ሳለ ሁሉም መነጽር ጥሩ ነው ይላሉ አያቷ። አደን ላይ ግን ብርሃኑም ትንሽ ነው፣ ልብም አይረጋም።

የአክስቷ ልጅ ትሬቨር የአያታቸው ፒካፕ መኪና አፍንጫ ላይ ተቀምጦ ሱፍ ይቆረጥማል። አስራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከጆሊን በሦስት ዓመት ይበልጣል። አስራ ሁለት እጥፍ የሚያቀርበውን ትልቅ መነጽር አምና ገዝቶ ከአንገቱ አያወልቀውም።

«ትልቁን ያዢ፣ ጆ» አለ ገለባውን እየተፋ። «ዝንብ ስታዛጋ ያሳይሻል።»

ጆሊን መጀመሪያ ያነሳችው እንደ እሱ ያለውን ነበር። መሰላሉ ዘልሎ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ ትልቅ፣ ቅርብ። ግን ልቧ በመታ ቁጥር መሰላሉም አብሮ ይዘላል። ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ጠፋባት። እንደገና ጀመረች፤ አሁን ደግሞ አስራ አንድ ሆነ።

ትንሹን ተቀበለች። ስምንት እጥፍ ብቻ የሚያቀርብ ነው። መሰላሉ አነሰ፣ ግን ቆመ። ጥላ የዋጠው ብረት እንኳ ተለይቶ ታያት።

«አስራ አራት» አለች። ቀጥላ «ከላይ ሁለተኛው ተሰብሯል» አለች።

ወይዘሮ ኦርላ ወደ አያቷ ዞረው ሳቁ። «ቨርን፣ አንተ በዚህች ዕድሜ የተሰበረውን አላየኸውም ነበር!»

«ያኔ መቼ ተሰበረና» አሉ አያቷ።

ትሬቨር ከፒካፑ ወረደ። «ስምንት እጥፍ ልትይዢ ነው? ኧረ ተይ ጆ፣ እሱ ወፍ ለሚያዩ አሮጊቶች ነው!»

«ወፍ የማየው እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ኦርላ። «አሮጊት ያልከው ማንን ነው?»

ትሬቨር ጆሮው ቀላ። ጆሊን ግን አልሳቀችም። ትምህርት ቤቱ መኪና ማቆሚያ ላይ ስለ አደን የሚያወሩት ልጆች ሁሉ የሚያንጠለጥሉት ትልቁን ነው። በእነሱ ፊት ይህችን ትንሽ ነገር ይዛ ስትታይ ምን እንደሚሉ ታውቀዋለች። አያቷን አየቻቸው። እሳቸው የጎተራውን ጣሪያ ያያሉ እንጂ እሷን አያዩም።

ዘንድሮ የመጀመሪያ የኤልክ አደን ፈቃዷ ነው። ኤልክ ከፈረስ የማያንስ አጋዘን ነው፤ በእነሱ ተራራ ወንዱ የሚተኮሰው የቀንዱ ሥር፣ ግንባሩ አጠገብ፣ ቅርንጫፍ ካወጣ ብቻ ነው። ቀንዱ እንደ ዱላ ቀጥ ያለው ወጣት ኤልክ ግን በሕግ የተጠበቀ ነው። አያቷ ቁርጡን ነግረዋታል፦ ያንን ቅርንጫፍ በድንግዝግዝ መለየት ካልቻለች ዘንድሮ ጠመንጃ አትይዝም።

«ትንሹን» አለች ጆሊን። በጋውን ሙሉ የመስኖ ቱቦ ስትጎትት የከረመችው የዚህን መግዣ ለማግኘት ነበር።

---

አደኑ በተከፈተበት ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሦስቱም ብርቱካናማ ሰደርያቸውን ለብሰው ከአንድ የወደቀ ግንድ ጀርባ ተቀምጠዋል። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኗል። ጆሊን መስታወቱ ጉም እንዳይዝ መነጽሯን በጃኬቷ ውስጥ፣ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ ገደሉ ዞሮ ጎኗ ተጋድሟል።

በጠመንጃው ማነጣጠሪያ አውሬ መፈለግ በቤታቸው ክልክል ነው። የአያቷ ታላቅ ወንድም በወጣትነቱ እንዲያ ሲፈልግ፣ በመስቀለኛው ምልክት መካከል ያገኘው የጎረቤቱን ፊት ነበር። አልተኮሰም። ግን ጠመንጃውን በዚያው ሳምንት ሸጦ ዳግመኛ አደን አልወጣም። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት መጀመሪያ በመነጽር ይታያል፤ ከዚያ ያዩት በቃል ይነገራል፤ ጠመንጃ የሚነሳው በመጨረሻ ነው።

«አባባ» አለች ጆሊን በሹክሹክታ። «ነጫጮቹ ዛፎች ጋ።»

ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ፣ ቅጠላቸው በረገፈ ዛፎች መካከል አንድ ኤልክ ቆሟል። ከአፍንጫው እንፋሎት ይወጣል።

ትሬቨር ትልቁን መነጽር አነሳ። «ወንድ ነው! ቅርንጫፍ አለው፣ አየሁት! አባባ፣ ግንባሩ ጋ አለ! ጆ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ፈቃዱ የማን ነው?» አሉ አያቱ።

«የእሷ።»

«እንግዲያው እሷ ትናገር።»

የአያቷ ዓይን ካምና ጀምሮ ደክሟል፤ ከዚህ ሆነው ቀንድ እንደማይለዩ ሦስቱም ያውቃሉ። እሷ አለ ካለች፣ አለ ነው።

ጆሊን ክርኖቿን ጉልበቶቿ ላይ አሳርፋ አየች። ሁለት ቀንዶች። ከግራው ቀንድ ሥር፣ ግንባሩ አጠገብ፣ አንድ ጥቁር ነገር ወደ ፊት ወጥቷል። የጣት ያህል ነው፤ ምናልባትም ይበልጣል። ልቧ ያን ቀን ወደ ሐዲዱ እንደሮጠችው ጊዜ ይመታ ጀመር። ዕቃ መጫኛው ላይ ኤልክ የተኛበት ፒካፕ ከተማው መሐል ሲያልፍ ታያት። ትሬቨር ሲነዳ፣ ሰዉ ማን ገደለው ብሎ ሲጠይቅ፣ አያቷ ወደ እሷ ሲያመለክቱ።

«ምን ታያለሽ?» አሉ አያቷ።

«አለ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። እንዲኖር የፈለገችውን ያህል አጥርታ ግን አላየችውም። ትንሽ ጠበቀች።

«ሊሄድብሽ ነው እኮ!» አለ ትሬቨር።

ኤልኩ ሣር ሊነጭ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። ቀንዶቹ ወረዱ። ጥቁሩ ነገር ግን በነበረበት፣ ባዶ አየር ላይ ቀረ።

ከኋላው ያለ ዛፍ ቅርንጫፍ ነበር።

«ሁለት ቀጥ ያሉ ቀንዶች አያለሁ» አለች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጸንቶ ወጣ። «ሌላው የዛፍ ነው። አልተኩስም።»

«እያየሁት እኮ ነው!» አለ ትሬቨር፣ ትልቁን መነጽር ዓይኑ ላይ እንደለጠፈ። መነጽሩ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ይል ነበር። «ጆ፣ በእግዜር!»

«ሰምተሃታል» አሉ አያቱ። ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ የቺዝ ሳንድዊች አውጥተው ለሦስት ቆረሱና ትልቁን ቁራሽ ለጆሊን ሰጧት። በቤታቸው ትልቁ ቁራሽ ሁልጊዜ የእሳቸው ነበር።

ኤልኩ የትም አልሄደም፤ ተረጋግቶ ሣሩን ይነጫል። ቀስ በቀስ የፀሐዩ ብርሃን ከቁልቁለቱ ጫፍ ወርዶ ዛፎቹ ጋ ደረሰ። ትሬቨር ሁለት ጊዜ አየ። ሁለት ጊዜም መነጽሩን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ቅድም ግን...» ብሎ ጀመረና ተወው። ከዚያ ወደ ጆሊን ሳይዞር እጁን ዘረጋ። «እስቲ የአንቺን።»

ስለ ወፍና ስለ አሮጊቶች የተናገረው ጆሊን አፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጥሩ አድርጋም ልትመልስለት ትችል ነበር። ማንገቻውን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው።

«ክርንህን ጉልበትህ ላይ አድርግ» አለች።

አደረገ። ለረጅም ጊዜ አየ።

«ምን ታያለህ?» አለች ጆሊን።

ትሬቨር መነጽሩን ዝቅ አደረገ። «ሁለት ቀጥ ያሉ ቀንዶች» አለ። «ሌላ ምንም።»

አያታቸው የሳንድዊቹን ወረቀት አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ጉልበታቸውን እየተደገፉ ተነሱ። ከወዲያኛው ሸንተረር ባሻገር ሌላ ሸለቆ ነበር። ወደዚያ ሁልጊዜ የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ግን ከመንገዱ ወደ ዳር ወጥተው ቆሙ።

ጆሊን መነጽሯን ከትሬቨር ተቀብላ ጃኬቷ ውስጥ ከተተችና ጠመንጃውን አንግታ ፊት ፊት ሄደች።