ሳህኗ ታየዋለች

እስቲ ጣቶቻችሁን እዩ። ጀርም ታያችሁ? አይታይም፤ ጀርም በጣም፣ በጣም ትንሽ ነው።

የሲፈን እናት ግን ጀርም ፈላጊ ናት። ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ጥገናው ክፍል መጽዳቱን የምትፈትሸው እሷ ናት።

አንድ ቀን የሲፈን ታናሽ ወንድም ናሆም ከአጥር ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ሐኪሙ አጥንቱን በማግስቱ ሊጠግንለት ቀጠረው።

የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ብርነሽ ክፍሉን ሊያጸዱ ተነሡ። አንድ ኩባያ በረኪና፣ ዘጠኝ ኩባያ ውኃ። ጥርግ! ጥርግ! ጥርግ!

ከዚያ እማዬ አልጋውን በእርጥብ ጥጥ አበሰች። ጥጡን ለጀርም የሚጣፍጥ ምግብ በተቀባች ትንሽ ሳህን ላይ አሸችው። ክዳኗን ቀጭ! አድርጋ ሞቅ ያለ ሳጥን ውስጥ አሳደረቻት።

ጀርም ካለ በልቶ፣ በልቶ፣ ተባዝቶ የሚታይ ነጥብ ይሆናል። «ዓይን አያየውም፤ ሳህኗ ታየዋለች» ትላለች እማዬ።

ጠዋት ሳህኗ ተከፈተች። ነጥብ አለ? አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቢጫ ነጥብ።

ለካስ የበረኪናው ጀሪካን መስኮት ሥር ፀሐይ ሲመታው ከርሟል። ሽታው አለ፣ ጉልበቱ ግን የለም።

«ዛሬ ክፍሉ አይከፈትም» አለች እማዬ።

ናሆም ቁርስ ሳይበላ ነበር የሚጠብቀው። እግሬን አመመኝ እያለ አለቀሰ።

«ነጥቦቹ እኮ ትንንሽ ናቸው» አለች ሲፈን። «ለሐኪሞቹ ንጹሕ ነው በያቸው፣ እማዬ።»

እማዬ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አቀፈቻት። «አባባ ትዝ ይሉሻል?»

ሲፈን ትዝ ይሏታል። አያቷ ነበሩ፤ ኪሳቸው ከረሜላ አያጣም ነበር።

«አባባ ሲታከሙ ሳህን ያየ ሰው አልነበረም። ቁስላቸው ውስጥ ጀርም ገባ።»

አባባ ወደ ቤት አልተመለሱም። እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔም ብሆን አለቅስ ነበር።

እትዬ ብርነሽ ከጨለማው ቁም ሳጥን አዲስ በረኪና አመጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እሳቸው አልቸኮሉም።

አንድ ኩባያ በረኪና፣ ዘጠኝ ኩባያ ውኃ። ጥርግ! ጥርግ! ጥርግ!

ያ ቀን ረጅም ነበር። ናሆም ሲያቃስት ሲፈን እጁን ይዛለት ዋለች።

እማዬም አልጋውን ደግማ አብሳ አዲስ ሳህን አሳደረች። በማግስቱ ሳህኗ ተከፈተች። ነጥብ አለ? የለም። እማዬ ደግማ አየች። የለም።

ናሆም ቀዶ ጥገናው ክፍል ተኝቶ ገባ፣ አጥንቱ ተጠግኖ ተኝቶ ወጣ። ከቀናት በኋላ ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ በደንብ እየደረቀ ነው አለ፤ ናሆምም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

የመኝታ ሰዓት ደረሰ። ሲፈን በረኪና በረኪና የሚለውን የእናቷን እጅ ጉንጯ ላይ አደረገች።

«እማዬ፣ ያኔ ሳህኗ ብትኖር ለአባባም ታይላቸው ነበር?»

«ታይላቸው ነበር፣ ልጄ።»

እማዬ መብራቱን አጠፋች። እጇን ግን ከሲፈን ጉንጭ አላነሣችም።