ክሪሳንቶ፣ ና እንሂድ

«ክሪሳንቶ፣ ና እንሂድ! እንዳትቀር!» ብላ አክስት ሎርና ወደ ባሕሩ ተጣራች። ቃሉ ከወጣ በኋላ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

የማሪቪክ አባት ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ ቀስ ብሎ ዞረ። «እታለም፣ የትኛውን ነው የጠራሽው?»

አያት ክሪሳንቶ የተቀበሩት ትናንት ነበር። በአገሩ ወግ በቀብር ማግስት ቤተሰቡ ሁሉ ባሕር ወርዶ በሩዝ ገለባ አመድ ውሃ ፀጉሩን ይታጠባል። ሐዘኑን ሞገድ ይወስደዋል፤ ሟቹም ከዚያው ይሰናበታል። ከባሕር ሲመለሱ ደግሞ የልጅ ነፍስ በጨዋታ ተዘናግታ እንዳትቀር ልጁ በስሙ ይጠራል። ሁለቱም ወጎች ከጥንት ጀምሮ በሰላም አብረው ኖረዋል። ይህ ቤተሰብ ግን የማሪቪክን የአምስት ዓመት ወንድም በአያቱ ስም ሰይሞታል።

አክስት ሎርና የአመዱ ውሃ ከግንባሯ እየተንጠባጠበ አሸዋው ላይ ዘጭ አለች። ዕድሜዋን ሙሉ አባቷን በስማቸው ጠርታ እንደማታውቅ፣ ዛሬ ግን እንደ ጎረቤት ልጅ «ና» እንዳለቻቸው፣ እሳቸውም ሊቆጧት ሲሉ ብቻ ተነስተው እንደሚከተሏት እያለቃቀሰች ተናገረች። የተመለሰች ነፍስ ደግሞ ከቤቱ ሰው አንዱን ሳታሳምም አትቀርም።

ማሪቪክ ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አያቷ ያረፉ ዕለት የሒሳብ ፈተና ላይ ነበረች፤ ቤት ስትደርስ ፊታቸው ተሸፍኗል። ደህና ይሁኑ አላለቻቸውም። ዛሬም ማንም ሳያያት ያረጠበችው የፀጉሯን ጫፍ ብቻ ነው። ቢከተሉንስ ምን አለበት ብላ አሰበች። ጮክ ብላ ለማለት ግን አክስቷን ፈራች።

መላውን የዘየደው አባቷ ነው። ሌላ ቦታ ቆም እንላለን፣ ትንሽ እንዝናናለን፣ ከዚያ ማንንም ሳንጠራ ውልቅ እንላለን፤ ያልተጠራች ነፍስ እዚያው ትቀራለች አለ። ከጠዋት ጀምሮ «ትልልቆቹ ማራገቢያዎች ጋ ውሰዱኝ» እያለች ስትነዘንዝ የነበረችው ትንሿ እህቷ ፒያ እጇን አጨበጨበች።

ስለዚህ ሐዘንተኛው ቤተሰብ ጥቁሩን እንደለበሰ ሚኒባሱን ከባሕሩ ዳር ከተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች ሥር አቆመ። አክስት ሎርና ቦታውን ወደደችው። ሟቹ አባቷ ባርኔጣቸውን የሚነጥቅ ነፋስ ስለማይወዱ እዚህ ደቂቃ እንደማይቆዩ አስረዳች።

«ካልቆዩማ ተመልሰው ሚኒባስ ውስጥ ናቸው» አላት ወንድሟ።

ልጆቹ ሳምቡሳ የመሰለ የተጠበሰ ኤምፓናዳ በሉ፤ የፒያን ነፋስ ወስዶት አንድ የማያውቁት ሰው ደረት ላይ ለጠፈው። እናታቸው ሰውየውን በሶፍት እየጠራረገች ይቅርታ ስትጠይቅ፣ ሌሎቹ መሄጃቸው ስለደረሰ ተሳፈሩ። ክሪሳንቶ ግን እግሩን አሸዋው ውስጥ ተክሎ ቀረ።

«ጥሩኝ» አለ።

«ና ግባ፣ አንተ ጎረምሳ» አለችው አክስቱ።

«ስሜ ጎረምሳ አይደለም።»

«የኔ ማር፣ ና በቃ።»

«ባለፈው ከባሕር ሳትጠሩኝ ሄዳችሁ ትኩሳት ያዘኝ። ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። በስሜ!»

አባቱ ሊያነሳው ቢሞክር ተንጋሎ አገር ይያዝልኝ አለ። ጎብኚዎች ተርባይኑን ትተው እሱን መቅረጽ ጀመሩ። በመጨረሻ አባትየው ጎንበስ ብሎ ስሙን በጆሮው አንሾካሾከለት፤ ልጁም እንባውን ጠርጎ እንደ ሹም ተሳፈረ።

«የአባባም ጆሮ እስከ መጨረሻው ደህና ነበር» አለች አክስት ሎርና። «ይኸው ደግሞ ተሳፈሩ።»

ሦስተኛው ማረፊያ ኮረብታው ላይ ያለው የመርከቦች መብራት ማማ ሆነ። እዚህ አክስት ሎርና እርግጠኛ ነበረች። አባቷ በወጣትነታቸው ይህን ግንብ ቀብተዋል፤ ባለፉ ቁጥርም ከእሳቸው በኋላ የቀባው ሁሉ ፋራ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ግንቡን እየተቹ ዘላለም ይቀመጣሉ አለች። ማሪቪክ የተላላጠውን ቀለም አየች። በእርግጥም የሚቀሩበት ቦታ ነው።

ልጆቹ ደረጃውን ወጥተው ወርደው ሲደክማቸው አክስቷ ወደ ጎን ወሰደቻት። ልጁ ለታላቅ እህቱ እሺ ስለሚል ስሙን ሳትጠራ እንድታስገባው አደራ አለቻት። ሁሉም ገቡ፤ ሞተሩ ተነሳ። ክሪሳንቶ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆሟል።

«ማሪ፣ ጥሪኛ» አላት። አሁን እየጮኸ አልነበረም፤ ደክሞታል። በአንድ እጇ ልታነሳው ትችል ነበር፤ ሳይታገላት ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ይወስደው ነበር።

ማሪቪክ ወደ ሚኒባሱ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ማማውን።

«ክሪሳንቶ» አለች። ድምፅዋ አጠገቧ ለቆመ ልጅ ከሚበቃው በላይ ከፍ ያለ ነበር። «ና እንሂድ። እንዳትቀር።»

ልጁ ሮጦ ገባ። እሷም ገባች፤ በሩን ግን ወዲያው አልዘጋችውም። እጀታውን ይዛ ጠበቀች። አባቷ በመስታወቱ ተመለከታት፤ ማርሹን አልነካም።

አክስት ሎርና ለረጅም ጊዜ አፈጠጠችባት። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና ከጎኗ ወንበሩ ላይ የነበረውን የእርጥብ ልብስ ከረጢት አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ለአባባ ቦታ ለቀቀች።