በሕንፃው ሞዴል ውስጥ የተንበረከኩት ሽማግሌ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ጎረቤቶቼ ያውቃሉ። ይህን የምነግራችሁ በዓይኔ ስላየሁት ብቻ ነው።

ልጄ ሰናይት አርክቴክት ናት፣ ሲቀላ ሰፈር፣ እቤታችን ሳሎን ውስጥ ነው የምትሠራው። አንዱን የሕንፃ ሞዴል እሷ ከዚህ፣ ሳሚ የሚባል ባልደረባዋ ከአዲስ አበባ ሆነው በኮምፒውተር በጋራ ይሠሩታል፣ እያንዳንዱን ነገር ማን እንዳስገባው ስሙ ይመዘገባል። ያን ቀን ኩልፎ ወንዝ አጠገብ ግንባታው የተጀመረውን መዋዕለ ሕፃናት ሞዴል እያጸዳች ነበር፣ ሬንደር ተደርጎ እንደ ፎቶ ከመውጣቱ በፊት ትርፍ ነገር ሁሉ መነሳት አለበት አለችኝ። ሳሚ ግቢውን ቦርሳ ባንጠለጠሉ ፈረንጆች ምስል ሞልቶት ስለነበር እየሳቀች ታስወጣቸዋለች።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም የኮምፒውተሩ ማራገቢያ መጮህ ጀመረ። “እማዬ፣ እስቲ ነይ እዪ” አለችኝ። በልጆቹ መጫወቻ ሜዳ መሀል ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። አጠፋቻቸው፣ ማራገቢያውም ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጮኸ፣ ሽማግሌው ተመልሰዋል፣ አሁን ግን ተንበርክከው በሁለት እጃቸው እርጥብ ሳር ይዘዋል።

ለሳሚ ደወለች።

“የምን ሽማግሌ? እኔ ፈረንጆቹን ብቻ ነው ያስገባሁት። ሽማግሌ ተልኮብሻል በይኛ!”

“አትቀልድ፣ ያስገባው ሰው ስም ባዶ ነው እኮ።”

“በቃ አጥፊውና ሥዕሉን ላኪ፣ አሠሪዎቹ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጠብቁናል።”

ልታጠፋ ስትል እጇን ያዝኳት። እኛ ጋሞዎች ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ፣ የቱንም ያህል የተቆጣ ሰው አልፎት አይሄድም፣ እመኑኝ፣ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም።

“አሁን ግንባታው ቦታ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ማን አለ?” አልኳት።

“ፎርማኑ ማቴዎስ፣ በዶዘር እያስደለደለ ነው።”

“አስቁሚው።”

“ምን ብዬ? እናቴ ሥዕል አይታ ልበለው?”

“እንደዚያው በዪው።”

ማቴዎስ በስልኩ ሳቀ። “እሺ ኢንጂነር፣ ለእማማ ስል። ኦፕሬተሩም ሻይ አምሮታል።”

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መልሶ ደወለ፣ ድምፁ የሌላ ሰው ሆኗል። “ኢንጂነር፣ ዶዘሩ ሊገባበት የነበረው መሬት ተደረመሰ። ከሥሩ የድሮ ጉድጓድ አለ፣ መጨረሻው አይታይም። ሰው ግን አልተነካም፣ ሁላችንም ደህና ነን።”

ሰናይት ማንም ወደዚያ እንዳይጠጋ አዘዘችው። እኔም ተመስገን ብዬ ውሃ አመጣሁላት። ወደ ኮምፒውተሩ ስንመለስ ሽማግሌው የሉም፣ እሷም አላጠፋቻቸውም፣ ሳሚም አልነካሁም አለ። ሥዕሉ በሰዓቱ ሄደ።

ጉድጓዱ ተደፍኗል፣ መዋዕለ ሕፃናቱም ተከፍቷል፣ ሳልፍ የልጆቹን ጫጫታ ስሰማ ደስ ይለኛል። ሳር ይዞ የመጣ ሽማግሌ ግን ሰው ከቆመለት በኋላ የመጣበትን ጉዳይ ይናገራል። እኚህ ሳይናገሩ ነው የሄዱት። የለመኑን ስለ ጉድጓዱ ብቻ ይሁን ስለ ሌላ ነገርም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።