ምንም ያላሰረ ሰንሰለት

መምህር ስማቸው ሞቶ የተገኘው እሱ ራሱ ለዓመታት ደጅ ጠንቶ ባሠራው የብስክሌት ማቆሚያ ውስጥ ነበር።

ከመምሸቱ በፊት የጀመረው የሰኔ ዝናብ ሲወርድ አድሮ ጠዋት አባርቷል። የማቆሚያው ጠባቂ አያ ዋሴ የቆርቆሮውን በር ከፍተው ሲገቡ መምህሩን በደረቱ ተደፍቶ አዩት። ጮኸው ሰው አልጠሩም። በሩን መልሰው ዘጉና በሽምግልና ጉልበታቸው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጡ።

ሳጅን እሱባለው ሲደርስ ከሬሳው ጎን ደም የነካው ዱላ ወድቆ አገኘ። በጨርቅ ጠቅልሎ ሲያወጣው ግን ወደ መካነ ኢየሱስ ገበያ ይጎርፍ የነበረው ሰው አየውና አወቀው። ዱላው የአያ ዋሴ ነበር።

ወሬው ገበያውን ወዲያው አዳረሰው። ከመጋቢት ወዲህ ከዚህ ማቆሚያ ብስክሌት እየጠፋ ነው። ሰንሰለት ተበጥሶ አይገኝም፤ ጓጉንቸር ተሰብሮ አይገኝም፤ ብስክሌቱ ከነሰንሰለቱ ይሰወራል። እስከ ትናንት «ከጠባቂው በቀር ማን ይሆናል?» ሲል የነበረ ሁሉ ዛሬ «ሌብነቱ ቢታወቅበት ገደለው» አለ። ኢንስፔክተር ዓለሚቱ ከደብረ ታቦር ስትደርስ ሕዝቡ «ሽማግሌውን አውጡልን!» እያለ የቆርቆሮውን አጥር ይደበድብ ነበር።

ዓለሚቱ ቀጠን ያለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ መናገር የማትወድ ሴት ናት። በሩ ላይ ቆመችና ሁሉንም በዓይኗ አዳረሰች።

«እዚህ ውስጥ ሰው ሞቶ ተኝቷል» አለች። «ለእሱ ስትሉ ዝም በሉ።»

ድብደባው ቆመ። እሷ ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

ከጣሪያው ሥር የብረት ጎማ ማስገቢያዎች ተደርድረዋል። ለብስክሌቱ ብዛት የሚበቁ አልነበሩም፤ ከየገጠሩ የሚመጡ ተማሪዎች ቦታ ሲያጡ አንዱን ከአንዱ ላይ ያጋድማሉ። ከረድፉ ዳር፣ ከጣሪያው ውጭ ብቻውን የተተከለ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ አረንጓዴ የብረት ቋሚ አለ። ሰንሰለት በላይ በኩል እንዳይወልቅ አናቱ ላይ እንደ ሳህን የሰፋ ክዳን ተበይዶበታል። የመምህሩ ቀይ ብስክሌት ግን የቆመው ከመሐል፣ የፊት ጎማው ማስገቢያው ውስጥ ተሸጉጦ ነው።

«ነክታችሁታል?»

«አልነካነውም» አለ እሱባለው። «ቁልፉም ከሟቹ ኪስ ውስጥ ነው።»

ዓለሚቱ ቁጢጥ ብላ ሰንሰለቱን በጣቷ ተከተለችው። በብስክሌቱ የመሐል ብረት ዞሮ፣ ከራሱ ጋር ተገናኝቶ፣ ጓጉንቸሩ ተቆልፏል። እጀታውን ይዛ ወደ ኋላ ሳብ ስታደርገው ብስክሌቱ ያለ ምንም ችግር ወጣ።

«ሳጅን፣ ሰው ብስክሌቱን ከምን ጋር ነው የሚያስረው?»

«ከብረቱ ጋር ነዋ።»

«ይኸ ግን ከምንም ጋር አልታሰረም። ሰንሰለቱ ተቆልፏል፣ የያዘው ነገር የለም።»

«ዝናብ ነበር፤ ቸኩሎ ይሆናል።»

«ስለ ብስክሌት ማቆሚያ ስንት ዓመት የተሟገተ ሰው?» ተነሣች። «ከእኔ በፊት ብስክሌቱን እዚህ ቆሞ ያየው ማነው?»

«እኔና አያ ዋሴ ብቻ። ወዲያው ነው በሩን የዘጋሁት።»

«ብስክሌቱን ሸፍነህ ወደ ጣቢያ አስወስደው። የት እንደቆመ ለማንም አትናገር።»

አያ ዋሴ በጥበቃ ጎጇቸው ውስጥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ውጭ የእሳቸው ስም በተጠራ ቁጥር ትከሻቸው ይሸማቀቃል።

«አባቴ፣ ትናንት ሲመሽ የት ነበሩ?»

«በሩን ገርበብ አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ሄጄ ነው፣ ልጄ። ዘወትር ሲመሽ እሄዳለሁ፤ አገር ያውቀዋል። ዝናቡ ሲበረታብኝ ከደጀ ሰላሙ ተጠለልሁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤቴ።»

«ሰው አየዎት?»

«በዚያ ዶፍ ማን ይወጣል?»

«ዱላዎስ?»

«ከዚሁ ከጎጆዬ ትቼው ነበር።»

«ከመምህሩ ጋር ትጨቃጨቁ ነበር ይላሉ።»

«ስለ ቦታ ነው።» ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ጎማ ማስገቢያው ቸርኬ ያጣምማል ብሎ እርግፍ አድርጎ ትቶታል። ሁልጊዜ ከዳር ካለው ቋሚ ጋር ነው የሚያስረው። መንገድ ዘጋህብኝ እለዋለሁ፣ ይስቃል። ዛሬ ከመሐል ቆሞ ሳየው እኮ ገረመኝ። ያ የእሱ ቦታ አይደለም።» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «አገሩ ሁሉ ሌባ ሲለኝ፣ አይደሉም ብሎ የተከራከረልኝ እሱ ብቻ ነው። እኔ እሱን ልገድል?»

ዓለሚቱ ስትወጣ ወደ ቋሚው ቀረበች። በወፍራም ቆርቆሮ የተሠራ ማስታወቂያ ዙሪያውን ታጥፎበታል፤ «ብስክሌትዎን በሚገባ ይቆልፉ» ይላል። ሌሎቹ ማስታወቂያዎች ሰው ቆሞ በሚያነብበት ከፍታ ላይ ናቸው፤ ይህ ግን ከጉልበት በታች ነው። ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው፤ ነገር ግን አልነካችውም።

በጤና ጣቢያው ሬሳውን የመረመረችው፣ ህይወት የምትባል ባለሙያ አልተጠራጠረችም።

«ዱላ አይደለም የገደለው። ቁስሉ ክብ ጠርዝ አለው፤ ብረት ነው። ከፀጉሩ ውስጥ ደግሞ ይኼን አገኘሁ።» በወረቀት ላይ ያሳየቻት የቀለም ቅርፊት አረንጓዴ ነበር። «ዱላው ላይ ደም ተቀባበት እንጂ አልተመታበትም።»

የሟቹ ሚስት ምሥራቅ ለቅሶ ከሞላው ቤቷ ወጥታ ከጓሮ አነጋገረቻት።

«ጽዮን የምትባል ተማሪ ነበረችው» አለች። «ብስክሌቷ ከጠፋ ወዲህ መንገዱ ርቋት ትምህርቷን ተወች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም። ትናንት ግን ፊቱ በርቶ መጣ። ‹የጠፉት ሁሉ ከአንድ ቦታ የታሰሩ ናቸው፤ አያ ዋሴ ነፃ ናቸው› አለኝ። ‹የሚመለከተውን ሰው በዓይኑ አሳየዋለሁ› ብሎ በዝናቡ ወጣ።»

«የሚመለከተው ማነው?»

«አልነገረኝም። እኔም ምነው በጠየቅሁት!»

ከማቆሚያው አጥር ተጠግቶ ብስክሌት የሚጠግነው ካሴ እጁን በዘይት ጨርቅ እየጠረገ ተቀበላት። ባለፈው ሳምንት ከመምህሩ ጋር በሰው ፊት ተጯጩኸው ነበር።

«የምገዛውን ዕቃ ከየት እንደመጣ ጠይቅ አለኝ» አለ። «ተናደድሁ። ሌባ ያለኝ መሰለኝ።»

«ትናንት ሲመሽ የት ነበርህ?»

«ሱቄን ዘግቼ ቤቴ። ብቻዬን ነበርሁ፤ ምስክር የለኝም።»

«መምህሩ ብስክሌቱን የት ያቆመው ይመስልሃል?»

«ከዳር ካለው ቋሚ ነዋ! ሌላ ቦታ መቼ ያስራል? የተጣመመ ቸርኬውን ያቃናሁለት እኔ አይደለሁም?»

«ቋሚውን የበየድኸው አንተ ነህ?»

«ሌላውን ሁሉ እኔ በየድሁት። እሱን ግን የአቶ አዲሱ መኪና አሸዋ ሊያራግፍ ሲገባ ገጨው። ‹እኔው ነኝ ያበላሸሁት፣ እኔው አስጠግናለሁ› ብለው ወሰዱት። መልሰው ያስተከሉትም እሳቸው ናቸው።»

«መቼ ነው?»

«የካቲት መጨረሻ ላይ።»

አቶ አዲሱ የብስክሌት ተጠቃሚዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። እህል ነጋዴ ነው፤ የጭነት መኪናው ወደ ወገዳ ይመላለሳል። ከመጋዘኑ ደጃፍ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጦ ነበር።

«ወንድሜን ነው ያጣሁት» አለ። «ያንን ማቆሚያ አብረን ነው የደከምንበት።»

«ትናንት አግኝተውት ነበር?»

«አላገኘሁትም። ዛሬም እዚያ ለመድረስ ልቤ አልቻለም፤ እንደሰማሁ እዚሁ ቀረሁ።»

«አያ ዋሴ ያደርጉታል ብለው ያምናሉ?»

«ክፉ ሰው ናቸው አልልም። ግን የተጋለጠ ሰው ምን የማያደርገው አለ? ምስኪኑ ከመሐል ካለው ማስገቢያ ጎማውን ሸጉጦ ቀና ሳይል ነው ከኋላው የመቱት። ምን ዕድል ነበረው?»

ዓለሚቱ አመስግናው ወጣችና ወደ ወገዳ ፖሊስ ስልክ ደወለች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ወደ ማቆሚያው አስጠራች። ምሥራቅ ከዘመዶቿ ጋር፣ ካሴ ከአጥሩ ተደግፎ፣ አዲሱ እጁን አጣምሮ፣ አያ ዋሴ ደግሞ ከሳጅን እሱባለው ጎን ቆሙ። ሕዝቡ እንዲሰማ በሩ ወለል ብሎ እንዲከፈት አዘዘች።

«አንድ ነገር ላሳያችሁ» አለች። ሳጅኑ የመምህሩን ቀይ ብስክሌት ከዳር ካለው ቋሚ ጋር አሰረና ጓጉንቸሩን ቆልፎ ቁልፉን ለምሥራቅ ሰጣት። ዓለሚቱ የታጠፈውን ቆርቆሮ በመፍቻ ፈልቅቃ ጣለችው። ከሥሩ ቋሚውን ዙሪያውን የከበበ ቀጭን ስንጥቅ ታየ። በሁለት እጇ ይዛ ጠመዘዘችውና ወደ ላይ ሳበችው። የቋሚው ግማሽ ከእጇ ቀረ። ሰንሰለቱ እንደተቆለፈ ወልቆ ከብስክሌቱ ላይ ተንጠለጠለ።

ከበሩ ላይ ሕዝቡ አጉረመረመ።

«ብስክሌቶቹ የጠፉት እንዲህ ነው። ሰንሰለት የሚበጥስ ሌባ አልነበረም፤ የሚነቀል ብረት ነው የነበረው። መምህር ስማቸው ይህን ደረሰበት። ትናንት ብስክሌቱን እዚህ አስሮ፣ ነቅሎ አሳየ። ሰንሰለቱ ተቆልፎ ምንም ሳያስር የተገኘው ለዚህ ነው። ሊያሳየው የጠራው ሰው ይህንኑ ብረት አንሥቶ መታው።» ብረቱን ገልብጣ የክዳኑን ሥር አሳየች። ዝናብ ያልደረሰበት ደም ደርቆ ነበር። «ከዚያ መልሶ ሰካው። ማንም ወደ ቋሚው እንዳይጠጋ ብስክሌቱን ገፍቶ ከመሐል አቆመው፤ ዱላውን ከጎጆው አውጥቶ ደም ቀባው።»

«ታዲያ ማነው?» አለች ምሥራቅ።

«አያ ዋሴም ካሴም መምህሩ ጎማውን እዚያ እንደማያስገባ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ራሱ ያቆመው እንዲመስል ቢፈልጉ እዚያ አያቆሙትም ነበር። ቋሚው ተነቅሎ ተጠግኖ የተመለሰው በየካቲት መጨረሻ ነው፤ ስርቆቱ የጀመረው በመጋቢት። ያስጠገነው አቶ አዲሱ ነው።»

«ማስጠገን ወንጀል ነው?» አለ አዲሱ። «ከዚያ ወዲህ ማንም ሊቆርጠው ይችላል።»

«ይችላል። ግን ካሴ ሲጠየቅ ብስክሌቱ ከቋሚው ጋር ነበር አለ፤ መምህሩን የሚያውቅ ሁሉ የሚለው ይህን ነው። እርስዎ ግን ከመሐል ነበር አሉኝ። ትናንት አላገኘሁትም፣ ዛሬም እዚያ አልደረስሁም ብለዋል። እንዴት አወቁ?»

«ሰው... ሰው ነገረኝ።»

«ማን? ያየነው ሦስት ነን። እኔ አልነገርሁዎትም።»

«እኔም አልነገርሁም» አለ እሱባለው።

«እኔም ከእርስዋ በቀር ለማንም አላልሁ» አሉ አያ ዋሴ።

«ወገዳ፣ እህልዎን ከሚያራግፉበት ግቢ ፖሊስ ብስክሌቶች አግኝቷል» አለች ዓለሚቱ። «አንዱ የጽዮን ነው።»

አዲሱ የተጣመሩ እጆቹን ለቀቀ። ዓይኑ ምሥራቅን ሸሸ።

«እኔ መሆኔን አላወቀም ነበር» አለ በሹክሹክታ። «እየነቀለ ያሳየኛል፣ ይስቃል። ‹አዩ አቶ አዲሱ፣ ሽማግሌው ነፃ ናቸው!› ይለኛል። እስከ ነገ ቆይ አልሁት። ‹የሌባ ስም አንድ ሌሊትም በእሳቸው ላይ አይደር› ብሎ ወደ በሩ ዞረ።»

ምሥራቅን ዘመዶቿ ደገፏት። ሕዝቡ አሁን በአዲሱ ላይ ተንጋጋ። ዓለሚቱ በሩ መሐል ቆመች። «ጠዋት በሌላ ሰው ላይ እንዲህ ነበራችሁ» ብትላቸው የፊተኞቹ ተገቱ። ሳጅኑ የአዲሱን እጅ አስሮ በመሐላቸው አሳለፈው።

በማግሥቱ መምህር ስማቸው ሲቀበር ተማሪዎቹ ብስክሌታቸውን እየገፉ ሬሳውን ተከተሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርሱ ማቆሚያ አጡና ተደናገሩ። አንድ ቄስ ወጥተው «ከቅጥሩ አስደግፏቸው፣ ልጆቼ፤ ግቡ» አሏቸው። ቅጥሩ ዙሪያውን በብስክሌት ተሞላ። ተማሪዎቹ ግን እየዞሩ ወደ ኋላ ያያሉ፤ ለመግባት እግራቸው ያመነታል።

ይህን ያዩት አያ ዋሴ ከሬሳው ኋላ ተነጥለው ከቅጥሩ ጥግ ቆሙ። «እኔ አለሁ፤ ግቡ» አሏቸው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩና አፍረው አቀርቅረው ገቡ። ሽማግሌው ከውስጥ ፍትሐቱ ሲጀመር ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ፊታቸውን ወደ መቅደሱ አዙረው፣ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ አለቀሱ።

ዓለሚቱ ወደ ደብረ ታቦር ልትመለስ መኪናዋ ጋ ደርሳ ነበር። መለስ ብላ አየቻቸው። በሩን ዘጋችና ወደ እሳቸው ሄደች።

«አባቴ፣ ይግቡና ይሰናበቱት» አለቻቸው። «ብስክሌቶቹን እኔ እጠብቃለሁ።»