«ተመለስ» የሚለው መስመር

ያለፈው ዓመት ክፉ ነበር። ዝናቡ ከመስከረም በኋላም አልቆመም። የሀያት እናት ታማ ተኛች፤ ጌጃ ሰፈር ያለው ቤታቸው አፈሰሰ። ሀያት ውኃ በባልዲ ስታወጣ እያደረች ክፍል ውስጥ ታንቀላፋ ነበር። አንድ ቀን ኮምፒውተር ክፍል እንቅልፍ ጣላትና የያዘችውን ውኃ ኪቦርድ ላይ ደፋች። ጓደኛዋ ጊፍቲ ቀድማ «እኔ ነኝ» አለች። መንፈቅ ሙሉ ከክፍሉ ታገደች። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተውት አያውቁም።

ዘንድሮ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም አብረው ሠሩ። ጥቁር ስክሪን ላይ ዋና ምርጫ ይመጣና ቁጥር ይመረጣል፤ አንድ ለመፈለግ፣ ሁለት ለመመዝገብ፣ ዜሮ ለመውጣት። መፈለጊያውን የጻፈችው ጊፍቲ ናት። ገጾቹን እርስ በርስ ያያያዘችው ሀያት።

አሁን ጊፍቲ ተማሪው ፊት ተቀምጣ ታሳያለች። ሀያት ከኋላዋ ቆማለች። ስህተቱን ጧት አይታዋለች። ከአንዱ ገጽ «ተመለስ» ሲባል ፕሮግራሙ ወደ መጣበት አይመለስም፤ ሌላ አዲስ ዋና ምርጫ ይከፍታል። የቀድሞዎቹ ከሥር ተደራርበው ይጠብቃሉ፤ ዜሮ የሚዘጋው የላይኛውን ብቻ ነው። አይታ ግን ዝም አለች። የኮምፒውተር አስተማሪያቸው ቲቸር ሰላሁን ለከተማው የፕሮግራም ውድድር የሚልኩት ከሁለቱ አንዷን ብቻ ነው።

«በይ ዝጊው» አሉ ቲቸር።

ጊፍቲ ዜሮን ነካች። ዋናው ምርጫ ተመልሶ መጣ። ደግማ ነካች። አሁንም መጣ።

«ጀለሴ ቅያስ ውስጥ ጠፋች!» አለ ሱፍያን ከኋላ ወንበር። «ኧረ ታክሲ ጥሩላት!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ቲቸር አልሳቁም። «መመለሻውን ማን ነው የጻፈው? መውጫውን የማያውቅ ሰው ውድድር አልልክም።»

ጊፍቲ ዞር አላለችም፤ ትከሻዋ ግን ከፍ አለ። ሀያት ያንን ትከሻ ታውቀዋለች። የኪቦርዱ ቀንም እንዲሁ ከፍ ብሎ ነበር፤ «እኔ ነኝ» ከማለቷ በፊት።

«እኔ ነኝ» አለች ሀያት። ድምጿ ቀጠነባት። «የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ቲቸር። ጧት አይቼው ነበር፤ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

«እንግዲያው ውድድሩ የጊፍቲ ነው» አሉ ቲቸር። «አንቺ ደግሞ አስተካክይው።»

ጊፍቲ በሹክሹክታ ጠየቀቻት፤ «ለኪቦርዱ ነው?»

«ለኪቦርዱ።»

ጊፍቲ የወንበሩን ግማሽ ለቀቀችላት። ሀያት ተቀመጠችና ዋናውን ምርጫ እንደገና የሚጠራውን መስመር አጠፋች። ከዚያ ፕሮግራሙን እንደገና ከፍታ፣ መፈለጊያው ገብታ ተመለሰችና ዜሮን ነካች።

ፕሮግራሙ በአንዴ ተዘጋ፤ ስክሪኑ ባዶ ሆነ።